ጁሪ አትወድቅም

ሙሉብርሃን ሥራውን ያጣችው ልጅቷ አትወድቅም ብላ ነው። ሌላ ጥፋት የለባትም። ሐሙስ ከሰዓት የዳህራኗ ማዳም ሱዓድ በቪዲዮ ደወለች፣ በእንግሊዝኛ ስሟን ጠየቀቻት፣ ተናገረች። የት ሠራሽ፣ ምን ታበስያለሽ፣ ልጅ ትወጃለሽ ወይ፤ ለሁሉም ተሰባብሮም ቢሆን መልስ ነበራት። ከዛ ሴትዮዋ የልጇን ነገር አነሳች። ጁሪ አራት ዓመቷ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ መዋኛ ገንዳ አለ፣ ጁሪ ገንዳው ውስጥ ብትወድቅ ምን ታደርጊያለሽ? ሙሉብርሃን ጥያቄው ገብቷታል። ገብቷት ነው “ኖ ማዳም፣ ጁሪ ኖት ፎል” ያለችው። ሴትዮዋ ሳቅ ብላ ደገመችላት፤ አውቃለሁ፣ ግን ብትወድቅስ? “ኖት ፎል። አይ አም ሂር።” ሦስተኛ ስትጠየቅ ሙሉብርሃን ስልኩን ከፊቷ አራቀችው፣ ስልኩ ያሟረተባት ይመስል። ማዳም ሱዓድ አመስግና ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ በታይቱ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፤ የአክስትሽ ልጅ ደግ ሴት ትመስላለች፣ እንግሊዝኛዋ ግን አይበቃም፣ አዝናለሁ።

ታይቱ ሁሉንም ሰምታለች። ላለመስማት ቦታ የለም። ቤቷ ደማም፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር፣ ከጎማ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አንድ ክፍል ከነመታጠቢያው፤ ማድ ቤት የምትለው ጥግ በመጋረጃ የተከለለ ነው። መጋረጃው ጀርባ ቆማ ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። የመጀመሪያውን “ኖት ፎል” ስትሰማ ማማሰያው እጇ ላይ ቀረ፣ በሦስተኛው ሽንኩርቱ አረረ። ኮባር አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ማዳም ሱዓድን ያወቀቻት እዛው ነው፣ እናቷን ለስኳር ክትትል ስታመላልስ። ሠራተኛ እየፈለግሁ ነው ስትላት የአክስቴ ልጅ አለች፣ እጇ ንጹህ ነው፣ አምናታለሁ ያለችው ራሷ ታይቱ ናት። አሁን ያረረውን ሽንኩርት ደፍታ፣ እጇን ጠርጋ፣ ደረጃው ላይ ወጥታ ደወለችላት። ስልክ አስፈርቷት ነው፣ ፊት ለፊት ይሻላታል አለቻት፣ ለበሽተኛ ቤተሰብ በምታወራበት ድምፅ። ማዳም ሱዓድ እሺ፣ ነገ ከሰዓት ዐስር ሶላት ሲያልቅ አምጪያት አለች። ግን ያንኑ ነው የምጠይቃት። ለምን እንደሆነም ነገረቻት፤ የበፊቷ ሠራተኛ፣ ጁሪ አፍንጫዋ ውስጥ ዶቃ ከትታ ስትታፈን፣ አጠገቧ ቆማ ነው ያለቀሰችው። ከዛ ወዲህ ቀድማ ያላሰበችበትን ሴት ቤቷ አታስገባም። ታይቱ በዚህ የምትከራከርበት ነገር አልነበራትም። እሷም ብትሆን ይህንኑ ትጠይቅ ነበር።

ሙሉብርሃን ደግሞ ሌላ በር የላትም። አል ሻጢእ ያሉት አሠሪዎቿ ቤቱን ዘግተው ጂዳ ልጃቸው ጋ እየገቡ ነው፤ እዛ ሠራተኛ አለ። ማዳሟ ክፉ አልሆነችባትም። እስከ እሁድ ሌላ አሠሪ፣ ካፊል፣ ካገኘሽ አዛውርሻለሁ፣ ካላገኘሽ ኸላስ፣ ኹሩጅ ነው ብላ እንድትፈልግ ሁለት ቀን ለቀቀቻት። ኹሩጅ ከተመታባት አገሯ ትገባለች፣ በቃ። አገሯ ማለት አሁን ደብረ ብርሃን ነው። እናቷና የስምንት ዓመቱ ልጇ ናሁሰናይ ከወልዲያ ወጥተው እዛ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ኪራዩ የሷ፣ ዱቄቱ የሷ፣ የልጁ ትምህርት ቤት የሷ ነው። እሷ ሥራ ፈትታ ከገባች ሦስተኛ ሆና የምትቀመጥበት ወንበር እንኳን የለም። ይሄንን ሁሉ ሁለቱም ያውቁታል፣ ስለዚህ ሐሙስ ማታ አላወሩበትም። ያረረውን ጥለው ዳቦና እርጎ በሉ፣ ተኙ።

ዓርብ ጠዋት ታይቱ ከአፍጋኑ ዳቦ ቤት ትኩስ ተሚስ ገዝታ መጣች፣ ከሥሩ ባለው ቡፊያ፣ ትንሽዬ ምግብ ቤት፣ ደግሞ ፉል አስሞላች። ዋጋው ጨምሯል፣ ሳህኑ ቀንሷል። የዛሬውን የሥራ ተራዋን ለባልደረባዋ ለፈርዶሳ ሰጥታለች፣ ፈርዶሳ ደግሞ በነጻ አትወስድም፣ ለኢድ ትከፍይኛለሽ ብላታለች። ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ መስኮቱን አልቦታል። ኤሲው ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ የተቀመጠውን የቀለም ባልዲ ሙሉብርሃን ሳትታዘዝ ደፍታ መለሰችው። ተቀመጪ አለቻት ታይቱ፣ እሱን ተዪውና ተቀመጪ።

ታይቱ የእንግሊዝኛውን ኢፍ፣ “ቢሆን” የሚለውን፣ በደንብ ታውቀዋለች። ለነርስነት ፈቃድ ፈተናው ስትዘጋጅ ከመጽሐፍ በቃሏ ይዛዋለች፣ አንደኛው ኢፍ ይሆናል ለሚባለው፣ ሁለተኛው ለምኞት፣ ሦስተኛው አልፎ ለሚቆጨው። ሥራ ከገባች በኋላ ደግሞ ቀኑ ሙሉ ኢፍ ሆነ። ግፊቱ ቢወርድ ይሄን ስጪ፣ ትኩሳቱ ቢወጣ ሐኪም ጥሪ፣ ሽንቱ ቢቆም ጻፊ። በየበሽተኛው አልጋ ራስጌ ላይ ተለጥፏል። ማንም ነርስ ቆማ አያድርገው ስትል አታውቅም፤ ብትልም ከሥራ ነው የምትባረረው።

በብርጭቆ ጀመሩ። ብርጭቆው ቢወድቅ አጸዳለሁ፣ ኢፍ ዘ ግላስ ፎልስ፣ አይ ዊል ክሊን። ሙሉብርሃን አንዴ ሰምታ ያዘችው። ወተቱ ቢያልቅ ለማዳም እነግራለሁ። እንግዳ ቢመጣ ሻይ አፈላለሁ። መብራት ቢጠፋ ሻማ አበራለሁ። እንዲያውም ሞቅ አላት፣ ታይቱ ያልጠየቀቻትን ከራሷ እያመጣች ትደረድር ጀመር። ማዳም ብትጮህ ዝም እላለሁ። ባባ፣ የማዳም ባል፣ ማድ ቤት ቢገባ እኔ እወጣለሁ። ይሄን ያለችው እየሳቀች ነው፣ ፉሉን በተሚስ እየጠረገች። ታይቱ አልሳቀችም፣ እርማት ብቻ ሰጠቻት፣ ቀጠሉ።

ወደ ምኞቱ አለፉ። ሀብታም ብሆን፣ ኢፍ አይ ወር ሪች፣ አይ ዉድ፤ ዉድ ማለት ታደርጊው ነበር ማለት ነው፣ ያልሆነ ነገር፣ ግን ቢሆን የምታደርጊው። ሙሉብርሃን ዉድን ወደደችው። ደብረ ብርሃን ላይ ቧንቧው ከውስጥ የሆነ ቤት ገዛችበት፣ ለእናቷ ጥርስ አስተከለችበት፣ ለናሁሰናይ ብስክሌት ገዝታ መኪና ይገጨዋል ብላ መልሳ ሸጠችው። ሦስተኛውንማ ማስተማርም አላስፈለገም። እንዳንቺ ብማር ኖሮ፣ ያን ጊዜ ከደላላው ጋ ባልመጣ ኖሮ፣ የናሁሰናይ አባት ሰው ቢሆን ኖሮ። ይኸው አለቻት ታይቱ፣ ይኸው እኮ ቀኑን ሙሉ የምታወሪው እሱን ነው፣ በአማርኛ ስትይው ማንም አላስተማረሽም። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የታይቱ ትከሻ ላላ አለ። ለሁለቱም ሻይ ቀዳች። አሁን ወደ ጁሪ እንሂድ አለች።

  ታይቱ ኢፍ ጁሪ ፎልስ ብላ ጀመረችላት፣ የቀረውን እንድትሞላ። ሙሉብርሃን የባልዲውን ጠብታ የምትቆጥር ይመስል ወደዛ አየች።

“ሌላ ልጅ አድርጊልኝ እትዬ።”

“እሺ፣ አንድ ልጅ። ስም የሌለው።”

“የማን ልጅ?”

“የማንም።”

“የማንም ያልሆነ ልጅ አለ እንዴ?”

ታይቱ ድመት አደረገችው። ድመት ገንዳ ውስጥ ገባች። ሙሉብርሃን ድመቷን በመጥረጊያ እንጨት አወጣቻት፣ በፎጣ ጠቀለለቻት፣ አራት ዓረፍተ ነገር አንድ ስህተት የለበትም። በጣም ጥሩ፣ አሁን ድመቷን አንሺና ጁሪን አስገቢ። እምቢ። ፍየል አደረገችው፣ ፍየሏም ዳነች። የማዳሟን ስልክ ጣለችው፣ ስልኩ ወጣ፣ ሩዝ ውስጥ ገባ። ልጅ ጋ ሲደርስ ግን አፏ እንደተሰፋ ነው። ጁሪን እኮ አታውቂያትም አለቻት ታይቱ። ሳላውቃት ልግደላት እንዴ አለች ሙሉብርሃን፣ ልታበሳጫት ብላ ሳይሆን ከልቧ። ሰው ቤት ሥራ ልትለምን ሄዳ የሰው ልጅ እላይዋ ላይ ልታሟርትባት? እናቲቱስ ብትሆን እንዴት አስችሏት ትጠይቃለች፣ ምን ዓይነት እናት ናት?

ታይቱ ተነስታ ቆመች። ክፍሉ ለመንጎራደድ አይበቃም፣ ከአልጋው እስከ ማቀዝቀዣው ሁለት እርምጃ ነው፣ እሱኑ ሄደች ተመለሰች። ቃል ነው አለቻት። ቃል ብቻ ነው ሙሉ። ጸሎት አይደለም፣ እርግማን አይደለም። ብለሽው ስትጨርሺ ምንም የሆነ ነገር የለም፣ ልጅቷ ቤቷ ቁጭ ብላ ካርቱን ታያለች። ሴትዮዋ ልጇን ስለማትወድ አይደለም የምትጠይቅሽ፣ ስለምትወዳት ነው፤ የበፊቷ ሠራተኛ ቆማ አለቀሰች፣ አንቺ ቆመሽ እንደማታለቅሺ ማወቅ ነው የፈለገችው። አንቺ አትወድቅም ስትያት ምን እንደምትሰማ ታውቂያለሽ? አልገባትም ብላ ነው የምታስበው። ደንቆሮ ናት ብላ ነው። እሁድ ኹሩጅ ይመታብሻል፣ በዚህች በአንዲት ቃል። ይሄን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ፣ ጎረቤት ያለችው ኬንያዊት ግድግዳውን በጫማ ደበደበች።

ሙሉብርሃን አንገቷን ደፍታ እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዛ ቀስ ብላ፣ ምንም ንዴት በሌለበት ድምፅ፣ “አንቺ ልጅ የለሽ፣ ይቀልሻል” አለች።

ይሄ ቤተሰቡ ውስጥ አይነሳም። ታይቱ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ እናቷ እንኳን በስልክ ጤናሽስ ብላ ነው የምትጠይቀው፣ ከዛ ሌላ ወሬ ታነሳለች። አክስቶቿ ሰርግ ላይ የሰው ሕፃን ሲያቀብሏት ቶሎ መልሰው ይወስዳሉ። ሙሉብርሃን ከሁሉም ይልቅ የምትጠነቀቅላት እሷ ነበረች፣ የናሁሰናይን ፎቶ ስትልክላት እንኳን ከሥሩ ልጅሽ ብላ ነው የምትጽፈው።  ታይቱ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሹራቧን አስተካከለች፣ መምህር በሆነችበት ድምፅ ቀጠለች።

“ናሁሰናይ ቢሞትስ? ምን ታደርጊያለሽ? በእንግሊዝኛ መልሺ።”

ሙሉብርሃን አልጮኸችም። ሻዩን አስቀመጠች፣ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ውኃው ብዙ ፈሰሰ። ስትወጣ ፊቷ እርጥብ ነው፣ አላደረቀችውም። ወደ ግድግዳው፣ ወደ ማርያም ሥዕሏ ዞራ አማተበች፣ ስልኳን አነሳች፣ ደብረ ብርሃን ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ታይቱ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበች። ይቅርታ የሚለው ቃል እዛው ማድ ቤቱ ውስጥ፣ መጋረጃው ጀርባ አብሯት ነበር፣ ግን እንደምንም ብላ እሱን ይዛ ብትወጣ ሙሉብርሃን ጀርባዋን እንደሰጠቻት ልትቀር ነው፣ እንደዛ ከምትሆን ሳህን ብታጥብ ይሻላል። ኔትዎርክ ነው አለች በመጨረሻ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሁሌም ዓርብ ኔትዎርክ የለም።  ከመስጊዱ የዓርቡ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ጀመረ፣ ሥር ያለው ጎማ ቤት መዶሻው ቆመ። ሙሉብርሃን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በየመሀሉ ትደውላለች። እንግሊዝኛው በዚሁ አበቃ።

ዐስር ሶላት ሲቃረብ ጃፋር መጣ። ጃፋር የከሚሴ ልጅ ነው፣ የሆስፒታሉን ነርሶች በራሱ መኪና ያመላልሳል፣ ታይቱን ሲስተር ነው የሚላት። ሙሉብርሃን ጥቁር አባያዋን ለብሳ ከኋላ ገባች፣ ታይቱም ከኋላ፣ በመሀላቸው ቦርሳ። መንገዱ ባዶ ነው፣ ዓርብ ነዋ፣ ሰዉ ገና ምሳ ላይ ነው። ጃፋር መስታወቱን እያየ አንዴ ስለ ቤንዚን፣ አንዴ ስለ ቅጣት ካሜራ፣ አንዴ ከሚሴ ስላለው ሚስቱ አወራ፣ ማንም ሳይመልስለት ሲቀር ተሰላቸ። “ምነው ሲስተር፣ ቀብር ነው እንዴ የምወስዳችሁ?” አለ።

“ጠላትህ ይቀበር” አለች ታይቱ፣ ሳታስበው፣ ከአፏ ቀድሟት። ሙሉብርሃን ዞር ብላ አየቻት፣ ከዛ ተመልሳ መስኮቱን አየች።

የዳህራን መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ የሙሉብርሃን ስልክ ጠራ። ድምፁን ሳትቀንስ ከጆሮዋ ጋ አጣበቀችው፣ ሆኖም መኪናው ጸጥ ስላለ የልጁ ድምፅ ይሰማል፣ ከአያቴ ጋ ወፍጮ ቤት ነበርን ይላል፣ የኳስ ጫማ ይላል፣ የእግሬ ቁጥር ጨምሯል ይላል። ሙሉብርሃን ሁሉንም እሺ አለችው። ደህና ነህ አለችው፣ ደግማም ደህና ነህ አለችው፣ ልጁ ግራ ገብቶት አዎ እማ ምነው አላት። ምንም አለች። ዘግታ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለታይቱ አልነገረቻትም፣ ታይቱም ደህና ነው ወይ ብላ መጠየቅ አቃታት። ጃፋር ብቻ፣ ልጅሽ ነው እህት፣ አላህ ያሳድግልሽ አለ። አሜን አለችው።

የማዳም ሱዓድ ቤት አጥሩ ረጅም ነው፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ እጣንና የክሎሪን ሽታ ተቀላቅሏል። ገንዳው ከሳሎኑ በመስታወት ይታያል፣ ዙሪያውን ነጭ አጥር ተደርጎለታል፣ አጥሩ እስከ ሰው ወገብ ነው። ታይቱ አጥሩን ስታይ ሴትዮዋን ወደደቻት። ጁሪ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ትስላለች፣ ለማንም ቀና አላለችም። አሮጊቷ እናት ሶፋው ጥግ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፣ ታይቱን አውቀዋት እጃቸውን ሰጧት፣ ስኳራቸው ምን ያህል እንደገባ ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ማዳም ሱዓድ ያለ አባያዋ ወጣት ትመስላለች። በእንግሊዝኛ እንዲቀመጡ ጋበዘች፤ ቤቱ ውስጥ ከልጅቷ ጋ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚወራው፣ ሕጉ እንደዛ ነው አለች፣ አሮጊቷ ሲሰሙ ከንፈራቸውን ጠመዘዙ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ዕረፍት ቀኑ ተጠየቀ፣ ሙሉብርሃን መለሰች፣ የጠዋቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ ሁለት ቦታ ሰካቻቸው፣ እንግዳ ቢመጣ ሻይ፣ ወተት ቢያልቅ እነግራለሁ። ማዳም ሱዓድ ወደ ታይቱ ዞራ ደህና ነው የሚል ፊት አሳየቻት። ከዛ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ወደፊት ሰገግ አለች፣ ጠየቀች፤ ጁሪ ገንዳው ውስጥ ብትወድቅስ?

አሮጊቷ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ግን የልጅቷን ስም ሰምተዋል፣ ልጃቸው በዓይኗ ገንዳውን ስታሳይም አይተዋል። “ቢስሚላህ ዐለይሃ” አሉ ደረታቸውን ነክተው፣ አላህ ይጠብቃት እንደማለት። ልጃቸውን በዓረብኛ ተቆጧት፣ በዓርብ ቀን፣ ልጅቷ እዚህ እየተጫወተች፣ ምን ማለት ነው ይሄ አሏት። ሙሉብርሃን ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ “ቢስሚላህ ዐለይሃ፣ ያ ሐጃ” አለቻቸው። እዚህ አገር በሠራችበት አምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ብላዋለች፣ ሕፃን በተደናቀፈ ቁጥር፣ ሕፃን ባስነጠሰ ቁጥር። አሮጊቷ በረጅሙ አዩዋት፣ አጠገባቸው ያለውን ትራስ መታ መታ አደረጉላት። ማዳም ሱዓድ ግን አልሳቀችም። እናቴ እንደዛ ናት፣ ሁላችንም እንደዛ ነን አለች በእንግሊዝኛ፣ ግን ዶቃው ሲገባ እሷም አብራ ነው ያለቀሰችው። ጥያቄዬ ያው ነው።

ሙሉብርሃን አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ምንጣፉን እያየች፣ መጀመሪያ በአማርኛ አያድርገው አለች፣ ለራሷ። ከዛ ቀና አለች። “ኢፍ ጁሪ ፎልስ፣ አይ ዊል ቴክ ኸር አውት። አይ ዊል ኮል አምቡላንስ። አይ ዊል ኮል ዩ።” ትንሽ አረፈች። “አይ ዊል ኖት ክራይ።” የመጨረሻውን ማንም አላስተማራትም። ድምፅዋ የዋርድ፣ የበሽተኛ ክፍል ድምፅ ነበር፣ ታይቱ የምታውቀው፣ ጠዋት ያልነበረ። ልትደሰት ይገባት ነበር። ነገር ግን ይሄ ድምፅ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ ጠዋት የሰማችውን ለሰማች እናት ጁሪን ከገንዳ ማውጣት ቀላል ነው።

ማዳም ሱዓድ ወደ ኋላ ተደገፈች። ፊቷ ተፈታ፣ ሻይ ይምጣ አለች፣ ራሷ ተነስታ አመጣች፣ ብርጭቆዎቹ ወርቅ የተቀቡ ናቸው። እየቀዳች አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ አለች፣ እሱን ደግሞ የምጠይቀው አንቺን ነው፣ ሲስተር ታይቱ። ያኛዋ ከዶቃው በኋላ ወር ሳትቆይ ጠፋች፣ ሁሩብ፣ ኮብላይ ናት ብዬ አስመዘገብኳት፣ ሪያድ ነች ይላሉ፣ እንግልቱ የኔ ሆነ። የዚህችኛዋ ዘመድ አንቺ ብቻ ነሽ እዚህ። ብትጠፋ ወደ አንቺ ነው የምትመጣው። ብትመጣ ትነግሪኛለሽ ወይ? አባባሏ ጨዋ ነው፣ ሻዩን እያቀበለች ነው የጠየቀችው፣ ማንም ሰው ቅር አይልበትም። ታይቱ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ፈተና ወረቀት አየችው፣ ሁለተኛው ኢፍ፣ ያልሆነ ነገር፣ ግን ቢሆን። ሙሉብርሃን አትጠፋም ልትል አፏ ድረስ መጥቶባት ነበር። ግን እንደዛ ብትል እንግሊዝኛ የማይገባት ሁለተኛዋ ሴት እሷ ትሆናለች፣ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ እሁድ ነው። ደግሞስ ቃል ብቻ አይደል።

“የስ” አለች። “ኦፍ ኮርስ አይ ዉድ።”

ዉድን ጠዋት ነው የተማሩት። ሙሉብርሃን የሰማችው መሆኑን ለማወቅ ታይቱ ዞር ማለት አላስፈለጋትም፣ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ሰማችው። ማዳም ሱዓድ አመሰገነች፣ ይቅርታ እንደዚህ በመጠየቄ አለች፣ እኔም ልጅ ስላለኝ ነው። አሮጊቷ ምን ተባለ አሉ፣ ማንም አልተረጎመላቸውም። ሙሉብርሃን ያኔ ነው የተናገረችው፣ ሳይጠይቋት፣ ታይቱን ሳይሆን ማዳሟን እያየች።

“ማዳም። ኢፍ አይ ረን፣ አይ ዊል ኖት ጎ ቱ ኸር።”

ብጠፋ እሷ ጋ አልሄድም። ማዳም ሱዓድ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ከዛ ከት ብላ ሳቀች፣ እጇን በእጇ መታች። እንግሊዝኛዋ ይኸው አለች ለታይቱ፣ ቀልድም ትችላለች፣ አንቺ ዝም ብለሽ ነው የፈራሽላት። ታይቱም ሳቀች። ፊቷ ላይ ያደረገችው ነገር ሳቅ ነው የሚባለው። ሙሉብርሃን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፣ ቆማ መመሪያ የምትጠብቅ ሠራተኛ ሆና ነው የታየቻት፣ ያቺን ሴት ታይቱ አታውቃትም።

የቀረው በፍጥነት አለቀ። ማዳም ሱዓድ የአል ሻጢእዋን ማዳም ደውላ አገኘቻት፣ በዓረብኛ ተሳሳቁ፣ እሁድ ዝውውሩ ይጠናቀቃል ተባለ። ከዛሬ ጀምራ እዚሁ ብትሆንስ አለች፣ ጁሪ እንድትለምዳት፤ ሙሉብርሃን ወዲያው የስ ማዳም አለች፣ ታይቱን አላየቻትም። ልብስሽስ ቢባል ትልክልኛለች አለች በዓረብኛ፣ ስም ሳትጠራ። አሮጊቷ ውኃ ፈለጉ። ሙሉብርሃን ማድ ቤቱ የት እንደሆነ ሳትጠይቅ ገባች፣ ቁም ሳጥን ሲከፈት ተሰማ፣ ብርጭቆ፣ ቧንቧ። ታይቱ በሩ ጋ ቆማ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሁለት ሦስቴ አስተካከለች። ማዳም ሱዓድ እስከ በር ልትሸኛት ከጎኗ ቆማለች፣ ሙሉ ብላ መጣራት ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም። ውኃው ቀርቦ፣ አሮጊቷ ጠጥተው፣ ብርጭቆው ተመልሶ ታጠበ። ሙሉብርሃን ከማድ ቤት አልወጣችም።

ጃፋር ውጪ ኤሲውን ከፍቶ ተኝቷል። እህታችንስ አለ። ቀረች አለችው። እንኳን ደስ ያላችሁ አለ፣ በደስታ ሳይሆን ስለሚባል፣ ከዛ እስከ ደማም ድረስ ደግነቱ ዝም አለ። ታይቱ ፊት ነው የተቀመጠችው። አል ሙሐመዲያ ሲደርሱ ጠብቀኝ አለችው፣ ደረጃውን ወጣች። ክፍሉ ፉል ፉል ይሸታል፣ ባልዲው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል። እሱን ትታ ከአልጋው ሥር የሙሉብርሃንን ሻንጣ ጎተተች። የታጠበውን የሌሊት ልብሷን፣ የእግር ሹራቦቿን፣ ማበጠሪያዋን፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ያጣበቀችውን የማርያም ሥዕል ሰበሰበች። ሥዕሉን ከልብሶቹ መሀል ከታ ዚፑን ዘጋች። ሻንጣውን ወደ ታች አወረደችው፣ ጃፋር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስገባው፣ አብረሽ አትመለሺም ወይ አላት። አይ አለች። የቤቱን ቁጥር ነገረችው፣ ወደ ላይ ወጥታ ወለሉን መወልወል ጀመረች።